የሮቢንሰንን ክበብ ፍለጋ

ቺካጎ ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመርሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በ87ኛው መንገድና በሃርለም ጎዳና መገናኛ ስንት ተሳፋሪ እንዳወረድሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ጉዳዬ የጀመረው የማኅበረሰባችን ሰዎች ለድል በዓል ስለ ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የሚናገር ሲያጡና እኔ ሳላስበው «እሞክራለሁ» ብዬ ቃል ስገባ ነው።

ሮቢንሰን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ኢትዮጵያ ገብቶ የንጉሠ ነገሥቱን ጥቂት አውሮፕላኖች እንደመራ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት የት ነበር? መልሱ የጥቁሮች የበረራ ክበብ፣ የቻሌንጀር አብራሪዎች ማኅበር ነው፤ መስራቾቹ ደግሞ የመኪና ጋራዥ ሰዎች ነበሩ። ሮቢንሰንና ጓደኛው ኮርኔሊየስ ኮፊ መካኒኮች ናቸው። የበረራ ትምህርት ቤቱ በቀለማቸው ምክንያት አልቀበልም ሲል ሮቢንሰን እዚያው ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ መጥረጊያውን ይዞ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። ይህን ሳነብ መኪናዬን ዳር አቁሜ ትንሽ ቆየሁ።

የክበቡ አባል ነርሷ ጃኔት ብራግ በ1933 አንድ አውሮፕላን በ600 ዶላር ገዛች። አባላቱም ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች መንደር ሜዳ ጠርገው፣ የአውሮፕላን ማደሪያ በገዛ እጃቸው ሠሩ። ብዙ ሳይቆይ ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያ ወዴት ሄዱ? ሃርለም አውሮፕላን ማረፊያ፤ ማለትም እኔ ተሳፋሪ የማወርድበት ቦታ!

በማግስቱ ሄድሁ። ዛሬ ሱቆችና የመኪና ማቆሚያ ነው። አስፋልቱ ላይ ቆሜ መንደርደሪያው በየት በኩል እንደነበር ስገምት፣ የጥበቃ ሠራተኛው መኪናዬ የጠፋብኝ መስሎት ሊያፈላልገኝ መጣ። ከመጻሕፍት አስቀድሞ ቦታውን ማየት ደግ ነው እላለሁ፤ ርቀቱንና ነፋሱን ገጽ ላይ አታገኘውም።

ትልቁ ስሕተቴ ግን በዘመን አቆጣጠር ነበር። አዲስ አበባ ያሉት አጎቴ በስልክ «ሮቢንሰን የመጣው በ1927 ነው» አሉኝ። ጻፍሁት። ቀጥሎ ክበቡ በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንደተቋቋመ ጻፍሁ። ሰውየው ክበቡን ሳይመሠርት አዲስ አበባ ደርሷል ማለት ነው! ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዱን ውሸታም ላደርግ ስታገል፣ አጎቴ የነገሩኝ በእኛ ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ዘግይቶ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ዓመት ስጽፍ «እኛ» ወይም «እነሱ» ብዬ ጎኑ ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

ክበቡ በየዓመቱ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር፤ በ1926 በአውሮፕላን አደጋ የሞተችው የጥቁሮች ፈር ቀዳጅ አብራሪ ቤሲ ኮልማን መቃብር ላይ ከአየር አበባ መጣል። ከንግግሬ በፊት በነበረው እሑድ ሊንከን መቃብር ሄጄ፣ አውሮፕላን ስለሌለኝ ጎንበስ ብዬ አኖርሁላት። ሮቢንሰን በ1954 ከአውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት ያረፈው አዲስ አበባ ነው። ለእሱ የሚሆነውን አበባ እኅቴ እንድትወስድ ጠየቅኋት፤ «የትኛው ሮቢንሰን?» አለችኝ፣ እኔም ከጋራዡ ጀምሬ ነገርኋት።