«ቤት ውስጥ ምን ሞከርሽ?»

በምሠራበት ጤና ጣቢያ «ወር አበባዬ ጠፋብኝ» ብላ የምትመጣ ሴት አትጠፋም። ብዙዎቹ እኛ ጋ ከመድረሳቸው በፊት አንድ ነገር ጠጥተዋል። አንዷ ዝንጅብል በቀረፋ፣ ሌላዋ የአብሽ ውሃ፣ ሌላዋ ጤና አዳም። ለእኛ ግን አይናገሩም። የጤና ባለሙያ እንደሚቆጣ ያውቃሉ፤ እውነትም የሚቆጣ አለ።

ካስተናገድኳቸው ሁሉ አንዲት ወጣት አትረሳኝም። የሦስት ወሩን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ያቆመችው ልጅ ፈልጋ ነው። ወራት ቢያልፉም ወር አበባዋ አልመጣ አለ። «መጀመሪያ ይስተካከልልኝ፣ ከዚያ አረግዛለሁ» ብላ ነበር። እኛ ጋ ስትመጣ ጠብ ጠብ የሚል ደም ማየት ጀምራለች፤ ደስ ብሏታል።

«ሲስተር፣ መጣልኝ! ሆዴን ግን ይቆርጠኛል፤ ማስታገሻ ስጪኝ» አለች።

አብራኝ የምትሠራው አንጋፋ አዋላጅ ከጎኔ ነበረች። ወንበሯን ሳብ አድርጋ፣ «የኔ ልጅ፣ እኛም ቤት ጤና አዳም አለ። አንቺ ቤት ውስጥ ምን ሞከርሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ዘና አለች። ጎረቤቷ እፍኝ ሙሉ የጤና አዳም ቅጠል እየቀቀሉ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ማታም ሲያጠጧት ሰንብተዋል። ወዲያው ሽንቷ ተመረመረ። ሁለት መስመር። ለካ አርግዛለች።

መርፌው ከቆመ በኋላ ወር አበባ ለመመለስ ብዙ ወራት ሊወስድበት ይችላል። እንቁላል የሚወጣው ግን ወር አበባ ከመታየቱ በፊት ነው። ስለዚህ ሴት አንዴም ደም ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። መርፌውን በወሰደችበት ቦታ ይህን ማንም አልነገራትም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ምክር እኮ ነው!

ጤና አዳም በስኒ ቡና ላይ አንድ ዘለላ ጣል ሲደረግ ሌላ ነው፤ በእፍኝ ተቀቅሎ ሲጠጣ ሌላ። ሲበዛ ማህፀንን ያኮማትራል። እናቶቻችን ወር አበባ «ለማምጣት» የተጠቀሙበት ለዚህ ነው፤ ለነፍሰ ጡር አደገኛ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጉበትና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ዝንጅብልን ግን አልነቅፍም። በምግብ መጠን ለወር አበባ ቁርጠት እንደሚረዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ እኔም አፈላዋለሁ።

ማስታገሻ ሰጥተን አልሸኘናትም። ወር አበባ ዘግይቶ ደምና የሆድ ቁርጠት ሲከተል እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሕይወት ይቀጥፋል። በዚያው ቀን ለአልትራሳውንድ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፍንላት። ጽንሱ ማህፀን ውስጥ ነበር፤ ልቡም ይመታል። ደሙ ቆመ፤ ክትትሏንም እኛ ጋ ቀጠለች።

በአንዱ ቀጠሮ ጎረቤቷን ይዛ መጣች። ጎረቤቷ አንገታቸውን ደፍተዋል። ክፋት አስበው እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ አልተቆጣሁም።

«ታዲያ እማማ፣ የዘገየባት ልጅ ስትመጣ ምን ይሏታል?» አልኳቸው።

«ሂጂና ተመርመሪ ነዋ!»

እርግዝና ካልሆነስ ብለው ጠየቁኝ። የአዋቂ ሴት ዑደት ከ21 እስከ 35 ቀን ቢሆን ጤነኛ እንደሆነ፣ ጭንቀት፣ የክብደት መለዋወጥና ጡት ማጥባት ሊያዛቡት እንደሚችሉ አስረዳኋቸው። ሦስት ወር ከጠፋ ደግሞ የእንቅርት ዕጢንም ማስመርመር ያስፈልጋል አልኳቸው። እሳቸውም የእህታቸው ልጅ ወር አበባዋ ከጠፋባት አምስት ወር እንደሆናት ነገሩኝ። ቀጠሮ ያዝንላት።