ጠፋች! የለም፣ ጠፋ!

አማርኛ ለታራንቱላ አርቢ አይመችም። ፆታ ሳይለዩ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ መጨረስ አይቻልም፤ «በላች» ካልን ሴት ናት፣ «በላ» ካልን ወንድ ነው። ይህ ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት ደግሞ ማንነቱን የሚናገረው ዓመታት ቆይቶ ነው። ባለ ቀይ ጉልበቱን የሜክሲኮ ታራንቱላ፣ ብራኪፔልማ ሃሞሪን፣ የጥፍር ስፋት እያለ ሳመጣው፣ ትንሽ ነገር በአፋችን ሴት ይሆናልና «መጣች፣ በላች፣ ተደበቀች» ማለት ጀመርኩ። ስሟንም እቴጌ አልኳት።

ሴት እንድትሆን የምመኝበት ምክንያትም ነበረኝ። የዚህ ዝርያ ሴት ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች። ወንዱ ግን የመጨረሻ ቆዳውን ጥሎ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ የሚቀረው ዕድሜ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ከምናምን ቢሆን ነው።

ደግሞ ዝም ብዬ አልገመትኩም፤ ማስረጃ ነበረኝ። የእግሯ ስፋት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ በጀርባዋ ተንጋላ ቆዳዋን ጣለች። ፆታ የሚታየው በዚያ ቆዳ ላይ ነው፤ እግሩና ጀርባው ለዚህ አይረባም፣ የሚፈለገው የሆዱ ክፍል ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከሁሉ የሳሳ ስለሆነ ሲደርቅ እንደተጨማደደ ላስቲክ ይጣበቃል። ለብ ያለ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሮ መዘፍዘፍ ነው፤ ሳሙና ከሌለው ውሃው ላዩ ላይ ተንከባሎ ይቀራል እንጂ አይገባም። ሲለሰልስ በሁለት ቀጫጭን የሥዕል ብሩሾች የውስጡን ገጽ ወደ ላይ አድርጎ መዘርጋት ነው። ወረንጦ ይቀድደዋል። እኔ በወረንጦ ነው የዘረጋሁት።

ተዘርግቶ ሲያልቅ ወረቀት የመሰሉ አራት ነጫጭ ቦታዎች ይታያሉ፤ ሳንባዎቿ ናቸው። ሁለቱ ወደ እግሮቿ ቀረብ ያሉ፣ ሁለቱ ወደ ታች። መታየት ያለበት በላይኞቹ ሁለት መካከል፣ ሆዷን አግድም ከሚያቋርጠው ስንጥቅ አፍ ላይ ነው። ሴት ከሆነች እዚያ ስፐርማቴካ የሚባለው የዘር ማስቀመጫ ተነስቶ ይታያል። በዚህ ዝርያ አንድ ሰፊ ምላስ ይመስላል፤ በቺሊዋ ታራንቱላ በግራሞስቶላ ሮዝያ ግን እንደ ሁለት ጣት ነው። ማረጋገጫው መርፌ ነው፤ ጫፉን ከሥሩ ሰደድ ሲያደርጉት እንደ ሸሚዝ ኪስ ክዳን ብድግ ካለ ሴት ናት። ጨርሶ ልሙጥ ከሆነ ወንድ ነው።

እኔ በስልክ መብራት እያየሁ በታችኞቹ ሁለት ሳንባዎች መካከል አንድ እጥፋት አገኘሁና «ይኸውና!» አልኩ። ቦታውም ስህተት፣ እጥፋቱም የወረንጦዬ ሥራ። መርፌውን አላነሳሁትም። ሴት እንድትሆን የፈለገ ሰው መርፌ ምን ያደርግለታል?

ሌላም ምልክት አምልጦኛል። መስታወቱ ላይ ስትወጣ ከሥር ሳያት፣ ከላይኛው ስንጥቅ ከፍ ብሎ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ነበረባት። ወንዶች ብቻ ያላቸው ተጨማሪ የድር መትፊያ እዚያ ነው የሚገኘው። እኔ አፈር ነው ብዬ አለፍኩት። በእርግጥ በዚህ መንገድ ብቻ መፍረድ ቁማር ነው፤ በትንንሾች ላይ ልምድ ያለውንም ሰው ያሳስታል።

በአምስተኛው ዓመት እቴጌ ለሁለት ወር ምግብ እንቢ አለችና ተንጋለለች። ቆዳዋን ጥላ ስትነሳ የማላውቀው ፍጡር ነው የቆመው። እግሩ ረዝሞ ቀጥኗል፣ ሆዱ ተሟጧል፤ ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ እግር መሳዮች ጫፋቸው አብጦ የቦክስ ጓንት ያጠለቁ መስለዋል። ውስጣቸው ዘር የሚያቀብለው አምፖል መሳይ አካል ተጣጥፎ አለ። ከመጀመሪያዎቹ እግሮች ሥር ደግሞ ሴቷ እንዳትነክሰው ጥርሷን የሚይዝባት መንጠቆ በቅሏል። መንጠቆ ያጣ ሁሉ ግን ሴት እንዳይመስላችሁ፤ ፖኢሲሎቴሪያና ቴራፎሳ ብሎንዲ የሚባሉት ሌሎች ታራንቱላዎች ወንዶቻቸው የላቸውም። ጓንቱ አያታልልም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስስ ድር ዘርግቶ ከሥሩ ተንጋለለ። «ሊሞት ነው» ብዬ ቤተሰቡን ጠራሁ። ለካስ የዘር ድር እየሠራ ነበር፤ ጠብታውን ድሩ ላይ ያኖርና በጓንቶቹ ይመጥጠዋል። ከዚያ በኋላ ወንድ ታራንቱላ ሥራው ሴት ፍለጋ መዞር ብቻ ነው፤ ክዳን መቆለፍ አለበት። የእኔ ክዳን የተደገፈ እንጂ የተቆለፈ አልነበረም።

ጠዋት ሣጥኑ ባዶ ነው። ደንግጬ «ጠፋች!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ትዝ አለኝና «የለም፣ ጠፋ!» አልኩ።

እናቴ አልጋ ላይ ወጣች። ታላቅ እህቴ መጥረጊያ ይዛ ሶፋውን ገለበጠች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጋረጃው ጀርባ አገኘሁት፤ በብርጭቆ ከድኜ ከሥሩ ካርቶን ሳስገባ በኋላ እግሩ ሆዱን አበጥሮ ፀጉሩን በተነብኝ፣ ክንዴ ሁለት ቀን አሳከከኝ። «ተይዟል፣ ውረጂ» አልኳት እናቴን።

«ሴቷስ?» አለችኝ።

«የምን ሴት?»

«ጠፋች አላልክም? ጠፋ ደግሞ ብለሃል። ሁለት ናቸው።»

አንድ መሆኑን ለማስረዳት የተጣለውን ቆዳ ባወጣ ይባስ አለ፤ እህቴ እግሮቹን ቆጥራ «ይኸው ሁለተኛዋ! ሞታለች!» ብላ ጮኸች። እናቴ ያን ሌሊት ያደረችው አክስቴ ቤት ነው።

አሁን አንድ ሴንቲ ሜትር የምታህል፣ ማለቴ የሚያህል፣ ማለቴ የሚያህሉ አዲስ ግልገል አሉ። በላይኞቹ ሳንባዎች መካከል መርፌ እስክሰድ ድረስ አንቱ ነው የምላቸው። ትናንት የፌንጣ ጭን በልተው ጉድጓዳቸው ገብተዋል።