በአያቴ ሳጥን ውስጥ የተገኙ ሴቶች

ዛሬ አክስቴ የአያቴን የእንጨት ሳጥን እንድከፍት ስለፈቀዱልኝ፣ በአሮጌ ነጠላ በተጠቀለሉ የግብር ደረሰኞችና ጠርዙን ምስጥ በበላው አንድ የርስት ክርክር ማመልከቻ ላይ አጎንብሼ ዋልኩ።

በአገራችን በጎጃም ርስት በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር፣ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ አቅንቶ እስከ ያዘው ሰው ድረስ ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። የዚህ ወረቀት ትልቁ ሀብት እዚህ ላይ ነው፤ ከአባት ወደ አያት ብቻ በሚሄደው አጠራራችን ውስጥ ፈጽሞ የማይታዩት ሴቶች በማመልከቻው ላይ በየስማቸው ተጽፈዋል። በአያቴ እናት ስም ላይ ሐምራዊው የማኅተም ቀለም ተንጣሎበት ስለነበር ፊደሎቹን በስልኬ መብራት አንድ በአንድ ስለቅም፣ አክስቴ ሳያዩ ስሙን ጠሩልኝ፤ ከዚያም እንባቸው መጣ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ ስለ ርስት ብሎ ትውልድ መቁጠር ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተወለድን ብዙዎቻችን ሰባት ቤት የምንቆጥረው ጋብቻ ሲታሰብ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ቀጥሎ የአጥቢያችንን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ለማየት አስቤአለሁ። በዚያ ሰው የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ በክርስትና ስሙ ስለሆነ፣ እንደ እኔ የቤተሰብ ታሪክ የምታጠኑ ወዳጆቼ፣ አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ ከዓለም ስማቸው ጋር የክርስትና ስማቸውን፣ የእናታቸውንና የአያታቸውንም ጭምር፣ ጠይቃችሁ ጻፉ።