ሽምደዳን ትቼ ታሪኩን ስይዝ

ፑኔ ከተማ፣ ሕንድ ውስጥ ስማር፣ የማደሪያችን ልጆች በየወሩ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ያካሂዱ ነበር። ጥያቄዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከሂንዲ ሲኒማ ሽልማቶችና ከጠፈር ምርምር ውጭ አይሆኑም። የሂንዲ ፊልም ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማይ የጠፈሩን እንጂ የፊልሙን አልፈራሁም። የወደቅኩት ግን ፊልሙ ላይ ነው።

«በመጀመሪያው ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ምርጥ ፊልም የተባለው የቱ ነው?» ተባልኩ። ሳላመነታ «ዶ ቢጋ ዛሚን» አልኩ። መልሱ «ሺያምቺ አኢ» ነበር፤ እሱም በማራቲ ቋንቋ የተሠራ። ፊልሞቹ ሁለቱም የ1953 ናቸው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ብሔራዊውም ሽልማት ፊልምፌር የተባለው ሌላ ሽልማትም የተጀመሩት በ1954 ነው። እኔ የሸመደድኩት ዓመቱን ብቻ ነበርና ተምታታብኝ።

የክፍሌ ልጅ ማታ ሻይ እያፈላች «ዓመቱን ተዪውና መጀመሪያ ሸላሚው ማን እንደሆነ ያዢ» አለችኝ። ደብተሬን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ፊልምፌር የመጽሔት ሽልማት ነው፤ የሚያወዳድረው የሂንዲ ፊልሞችን ነው። በመጀመሪያው ዓመት የነበሩት ዘርፎች 5 ብቻ ሲሆኑ «ዶ ቢጋ ዛሚን» ያሸነፈው እዚያ ነው። ብሔራዊውን የሚሰጠው ደግሞ መንግሥት ነው፤ በአገሪቱ ቋንቋዎች የተሠሩ ፊልሞች ሁሉ ይገቡበታል። ይህን ካወቅኩ በኋላ የማራቲ ፊልም ማሸነፉ አልገረመኝም። የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት የሚሰጠው ለሰው የዕድሜ ልክ አገልግሎት ነው፤ የ1969ኙን፣ የመጀመሪያውን፣ ያገኘችው ተዋናይቷ ዴቪካ ራኒ ናት።

1969 ወደ ጠፈሩ አሻገረኝ። አርምስትሮንግ ጁላይ 20 ጨረቃን ረገጠ፤ ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 15፣ የሕንድ የጠፈር ምርምር ድርጅት ኢስሮ ተቋቋመ። በነገራችን ላይ ቀኖቹን በልቤ ወደ እኛ አቆጣጠር እየመለስኩ ሁለት ጥያቄ አምልጦኛል። ለውድድር የምትዘጋጁ ከሆነ በአንድ አቆጣጠር ብቻ አጥኑ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የቱምባ ታሪክ ነው። ቱምባ በኬራላ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ (የመግነጢስ መስኩ ከምድር ገጽ ጋር ትይዩ የሚሆንበት መስመር) በአቅራቢያዋ ስለሚያልፍ ሮኬት ለማስወንጨፍ ተመረጠች። ቦታው ላይ ግን የማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ፊዚሲስቱ ቪክራም ሳራባይ ጳጳሱን ሄዶ ለመነ፤ ጳጳሱ ምእመናኑን ጠየቁ፤ ምእመናኑም ፈቀዱ። ቤተ ክርስቲያኗ ቢሮ ሆነች። የሮኬት ክፍሎች በብስክሌት ይጓጓዙ ነበር፤ የመጀመሪያው ሮኬት ኖቬምበር 21 ቀን 1963 ተወነጨፈ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቀኑን ለማስታወስ ደብተር አላስፈለገኝም።

የሕንድን የጨረቃ ተልእኮዎች፣ የቻንድራያንንም፣ እንዲሁ ምክንያቱን ተከትዬ ያዝኩ። የቻንድራያን 2 ላንደር (ጨረቃ ላይ የሚያርፈው መንኮራኩር) በ2019 ተከሰከሰ። ለቻንድራያን 3 እግሮቹን አጠነከሩ፣ ነዳጅ ጨመሩ፣ የማረፊያውን ስፍራ ከ500 ሜትር በ500 ሜትር ወደ 4 ኪሎ ሜትር በ2.4 አሰፉ። ኦገስት 23 ቀን 2023 በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አካባቢ በሰላም አረፈ።

በሚቀጥለው ውድድር የመጨረሻው ጥያቄ «ላንደሩ ለምን ቪክራም ተባለ?» የሚል ነበር። ስሙን ብቻ መጥራት ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ከቤተ ክርስቲያኗ ጀምሬ ተረክሁላቸው፤ አወዳዳሪውም አላቋረጠኝም።