የጫማው ቀለም

ትናንት ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ፣ የቀኝ እግሯን የባሌት ጫማ በራሴ የፊት መዋቢያ ፋውንዴሽን ስቀባ አመሸሁ። ሮዙ ሳቲን ቀለሙን ስለሚመጥ ስፖንጁን እንደ ምጣድ ማሰሻ ደጋግሜ ማሻሸት ነበረብኝ፤ የእግሯን መልክ መምሰል የጀመረው በሦስተኛው ዙር ነው። ከትምህርት ቤት የተላከልን ወረቀት «የቆዳ ቀለም ያለው ታይት» ይላል፤ ሱቅ ሄደን በዚህ ስም የተሰጠን ግን ሮዝ ነበር። ልጄ ጠይም ናት።

ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በባሌት የእግር መስመር ከዳሌ እስከ ጣት ጫፍ ሳይቋረጥ መታየት አለበት፤ ሮዝ ጫማ የነጯን እግር ሲያስረዝመው የጠይሟን ግን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይቆርጠዋል።

እያሸሁ ሳለሁ ጥቁር አሜሪካዊቷን የባሌት ዳንሰኛ ጃኔት ኮሊንስን አሰብኳት። በ15 ዓመቷ ገደማ ባሌት ሩስ ደ ሞንቴ ካርሎ ለሚባለው የባሌት ቡድን ተፈትና ብትወደድም፣ መድረክ የምትወጣው ፊቷን ነጭ ከተቀባች ብቻ መሆኑ ሲነገራት እምቢ ብላ ሄደች። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረኩን የሰጣት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ያው ባሌት ሩስ ውስጥ በ1955 የገባችው ሬቨን ዊልኪንሰን ደግሞ መልኳ ፈካ ያለ በመሆኑ፣ ነጭ ፓውደር ተቀብታ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ሳይቀር ጨፈረች፤ አትላንታ ላይ ግን ሆቴሉ ጥቁር መሆኗን ጠየቃት፣ አልዋሸችም፣ አስወጧት። ለእምቢተኛዋ ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ እኔን ግን ሌሊቱን ያልለቀቀችኝ ሬቨን ናት፤ ፓውደሩን ፊቷ ላይ ችላ «ጥቁር አይደለሁም» የሚለውን ቃል ከአፏ ማውጣት ስላቃታት። በኋላ አሜሪካ ውስጥ የሚቀጥራት የባሌት ቡድን በማጣቷ ሆላንድ ሄዳ ሠራች። እ.ኤ.አ. በ2015 ሚስቲ ኮፕላንድ በአሜሪካን ባሌት ቲያትር የ75 ዓመት ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዋና ዳንሰኛ ስትሆን፣ ሬቨን 80 ዓመቷ ነበር።

ጥቁር አሜሪካዊው ዳንሰኛ አርተር ሚቼል በ1969 ባቋቋመው የሃርለም ዳንስ ቲያትር ውስጥ ታይቱም ጫማውም በየዳንሰኛው የቆዳ መልክ መቀለም የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። የለንደኑ ጫማ ሠሪ ፍሪድ ባሌት ብላክ ከተባለው የዳንስ ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማ ጫማ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2018። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም! ሳቲን መንከር እኮ ነው፤ እናቶቻችን ጥጥ ነክረው በሚያደርቁበት ጓሮ የሚያልቅ ሥራ ነው። እኔም ቡናማውን አላዘዝኩም፤ ትርኢቱ ቅዳሜ ነው፣ ጫማው ግን በትእዛዝ ብቻ የሚመጣ በመሆኑ አይደርስልንም። ያኔ ፊትን አንጡ ይሉ ነበር፤ አሁን ጫማን የምናጠይመው እኛው ነን። ቀቢዋ ግን ያው ናት።

ጠዋት ልጄ ጫማውን አንስታ አሸተተችው።

«እማዬ፣ የአንቺን ፊት ይሸታል» አለችኝ።

ስቄ ጠርሙሱን ገልብጬ አየሁት። ለግራው የሚበቃ አልቀረም።