የመደመር ስህተት

ሐዋሳ ውስጥ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። አንድን ደራሲ በጥልቀት የሚያስነብበው ኮርስ ሁሌም የሚደርሰው ለእኔ ነው። ደራሲውን የሚመርጠው መምህሩ ነው። እኔ ቶማስ ሃርዲን መረጥኩ። ለምን ቢባል፣ ከእኔ በፊት ያስተማረው ሰው የሃርዲን ሃንድአውት ትቶልኝ ስለሄደ።

በፈረንጆቹ 1840 ተወለደ፤ አርክቴክት ነበር፤ ልቦለድ ትቶ ወደ ግጥም ዞረ፤ በ1928 ሞተ። ቀጥሎ በደማቁ «በሃርዲ ዓለም ሰውን የሚጥለው ዕጣ ፈንታ ነው» ይላል። ይህችን ስንቱን ባች አስሸመደድኳት!

የፋይናሉ ጥያቄ በ1886 ከታተመው «የካስተርብሪጅ ከንቲባ» ነበር። እህል ነጋዴውን ሄንቻርድን የጣለው ምንድን ነው? አንድ ተማሪ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎ ዕጣ ፈንታን አንድም ቦታ አላነሳም። ከሃያ ስድስት ሰጠሁት።

ግሬድ በተለጠፈ ማግስት ቢሮ መጣ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያስጠረዘውን መጽሐፍ ይዟል፤ የጥራዙ ጠርዝ ከመገለጥ ብዛት ተቦጫጭቋል።

«ቲቸር፣ ስድስት ለምን እንዳገኘሁ ቢያስረዱኝ?»

«ዕጣ ፈንታን ረሳኸዋ።»

«አልረሳሁትም። የለም ብዬ ነው።»

አባቱ ሻሸመኔ እህል ነጋዴ ናቸው። ልጁ ታሪኩን የሰፈር ወሬ አስመስሎ ነገረኝ። ሄንቻርድ አየር ሁኔታ እተነብያለሁ የሚል አዋቂ ቢጤ ጋ ይሄዳል። አጨዳው ላይ ዝናብ ይወርዳል ይለዋል። ሰውዬው ያገኘውን እህል ሁሉ ይገዛል። ፀሐይ ይወጣል፣ ዋጋ ይወርዳል። ሂሳብ መዝጋት ስላለበት በኪሳራ ይሸጣል። ከሸጠ በኋላ ዝናቡ ከች!

«ተፎካካሪው ነጋዴ ፋርፍሬ ግን ሲረክስ ገዝቶ ዝም ብሎ ጠበቀ። ሄንቻርድን አላስችል አለው። አባቴ ቢሆን እንዲህ ነው የሚለው።»

«ዝናቡ ራሱ ዕጣ አይደለም ታዲያ?» አልኩት፤ ያጠመድኩት መስሎኝ።

«ዝናቡ ለፋርፍሬም ዘንቧል፣ ቲቸር።»

መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን ተወው፣ አየዋለሁ አልኩት።

ቅዳሜ ከተማሪነቴ ጀምሮ ያለችኝን የራሴን መጽሐፍ አወጣሁ። ምዕራፍ 17 ላይ ስደርስ አፈርኩ። ሃርዲ ኖቫሊስ የሚባለውን ጀርመናዊ ጠቅሶ የሰው ዕጣው ጠባዩ ነው ይላል። በእርሳስ ተሰምሮበታል። እርሳሱ የእኔ ነው!

ቀጠልኩ። እንግሊዝ የውጭ እህል እንዳይገባ የሚያጥሩትን ሕጎች በ1846 ሳትሽር በፊት፣ የዳቦ ዋጋ በአገር ቤቱ ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ሃርዲ በመቅድሙ ጉዳዩን ራሱ ያነሳዋል። ልጁ ይህን ከአባቱ ሱቅ ያውቀዋል። የእኔ ሃንድአውት ላይ የለም።

እልህ ያዘኝና ሌሎቹንም ሳብኳቸው። በ1874ቱ ልቦለድ ለቀልድ የተላከ የፍቅር ካርድ አንድ የተከበረ ገበሬ ያሳብዳል። ሄንቻርድ ሚስቱ ልጇ እስክትዳር አይከፈት ያለችውን ደብዳቤ ቀድሞ ይከፍትና ቅስሙ ይሰበራል። ቴስ የምትባለው የሌላ ልቦለዱ ጀግና በበር ሥር ያሾለከችው የኑዛዜ ደብዳቤ ምንጣፍ ሥር ገብቶ ይቀራል። የሃርዲ ፖስታ መቼም በሰላም አይደርስም! አንድ መጽሐፍ ብቻ ላነበበ አጋጣሚ ነው። ሦስቱን ሲደረድሩ ግን ሰውዬው ምን እንደሚያስጨንቀው ይታያል። ለዚህ የተሠራ ኮርስ ይዤ የልደትና የሞት ዓመት ሳስፈትን ከርሜአለሁ።

ሰኞ የግሬድ ማስተካከያ ፎርም ሞላሁ። ከሃያ አሥራ ስምንት። «ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለው። የክፍል ኃላፊው በትከሻዬ አሻግሮ አየና «የመደመር ስህተት በለው፤ ሁሉም እንደዛ ነው የሚሞላው» አለኝ።

«ድምሩማ ልክ ነው» አልኩት።

«አራሚው ተሳስቷል» ብዬ ጻፍኩ። ቅር እያለው ፈረመ።

ልጁ አመስግኖ ከወጣ በኋላ ከበሩ ተመለሰ። «አባቴ ግን አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብሎኛል። ፋርፍሬ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ በቅሎ የተበላሸውን የሄንቻርድን ስንዴ ያዳነው በምንድን ነው?»

መጽሐፉ ዘዴውን ዘርዝሮ አይናገርም። የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ጀምሯል፤ ሰውዬው የሚጠይቁት ለወሬ አይመስለኝም።