ለእናቴ ጣት የሚሆን የኩባያ ጆሮ

እናቴ ኩባያ ስታነሳ ጆሮውን አትነካውም። በሁለት እጇ ጠቅልላ ነው የምትይዘው። ሻዩ ትኩስ ከሆነ የነጠላዋን ጫፍ አጣጥፋ ትይዝበታለች። ስንት ዓመት ሳየው ልብ ብዬው አላውቅም። አንድ ቀን ጠዋት ግን "እማዬ፣ ለምን በጆሮው አትይዥውም?" አልኳት። ጣቷን አስገብታ አሳየችኝ። የመሃል ጣቷ መገጣጠሚያው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ዕድሜ ልኳን ስፌት የሰፋችበት እጅ ነው፤ መገጣጠሚያዎቹ አብጠዋል። "የድሮው ጣቴ ቢሆን ይገባ ነበር" አለችኝና ኩባያውን እንደገና በሁለት እጇ አቀፈችው።

ሥራዬ የብረት በርና መስኮት ንድፍ ማውጣት ነው። ስለዚህ ጆሮውን ኮምፒውተር ላይ ራሴ ልሠራላት ወሰንኩ። በር ግን ቀጥታ መስመር ነው። ኩርባ ሠርቼ አላውቅም ነበር። አንድ ምሽት ይበቃዋል ያልኩት ነገር ከሁለት ወር በላይ ወሰደብኝ። ሌላ ሰው ተመሳሳይ ነገር ሲሞክር እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይወድቅ እንዴት እንደሄድኩበት ልንገራችሁ።

ቤታችን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። ለዚህ ነው ፍሪካድ የሚባለውን የንድፍ ፕሮግራም የምወደው። ነጻ ነው፤ አንዴ ካወረዱት ኢንተርኔት አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ 1.0 የተባለው እትም የወጣው በ2024 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት እትሞች መጀመሪያ የሣልኩትን ስኬች (ቅርጹ የሚነሳበትን የመስመር ሥዕል) ስነካካ በኋላ ያለሰለስኩት ጠርዝ ቦታውን እየሳተ ያስቸግረኝ ነበር። አሁን በጣም ተሻሽሏል። ኩርባ የሚሠራ ሰው አሥር ጊዜ ወደ ኋላ እየተመለሰ ስለሚያስተካክል ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

መጀመሪያ የለካሁት ኩባያ አይደለም፤ የእናቴን እጅ ነው። ለዳቦ ከተቦካው ሊጥ ጠንከር ያለ ቁራጭ አድቦልቡዬ ሰጠኋትና "ኩባያ እንደያዝሽ አድርገሽ ጨብጪው" አልኳት። ሦስቱ ጣቶቿ ሊጡ ላይ ያተሙት ቦታ 52 ሚሊ ሜትር ሆነ። ትልቁ መገጣጠሚያዋ በካሊፐር 23 ሚሊ ሜትር መጣ። በዚህ መሠረት የጆሮውን ክፍተት ቁመት 56 አደረግኩት። ከግድግዳው ያለውን ርቀት ደግሞ 30 አልኩ፤ የጣቷ ጀርባ ትኩሱን ግድግዳ እንዳይነካ። ለምን 40 አላደረግከውም የሚል ይኖራል። የኩባያው ክብደት ያለው መሃሉ ላይ ነው። እጅ ከመሃሉ በራቀ ቁጥር ለእጅ አንጓ ይከብዳል። ለሚያማት እጅ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዋጋ አለው።

የኩባያው አካል ቀላል ነበር። ቁመቱ 95፣ የውጭ ስፋቱ 82፣ ግድግዳው 4፣ ታችኛው ወለሉ 5 ሚሊ ሜትር። የጎኑን ግማሽ ቅርጽ ስሎ በመሃል መስመሩ ዙሪያ ማዞር ብቻ ነው። እስከ አፉ ሲሞላ 387 ሚሊ ሊትር ይይዛል።

ጆሮው ላይ ግን ተያዝኩ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ የኩርባ መንገድ ትስላለህ፤ መንገዱ መነሻ ላይ ሞላላ ክብ ታስቀምጣለህ፤ ሞላላው በመንገዱ ላይ ተጉዞ ጆሮውን ይወልዳል። እኔ የአንድ ቆንጆ ኩባያ ፎቶ ከጀርባ አስቀመጥኩና በላዩ ላይ ቢ-ስፕላይን የሚባለውን በነጥቦች የሚመራ ኩርባ ሳልኩ። በደንብ እንዲመስል ብዬ 11 ነጥብ አደረግኩለት። መስመሩ ሲታይ ደህና ነበር። ጆሮው ሲወጣ ግን እንደ ተጨማደደ ላስቲክ ሆነ። ብርሃን ሲያርፍበት እብጠትና ጉድጓዱ ቁልጭ ብሎ ታየ። አንዱን ነጥብ ሳስተካክል ጎረቤቱ ይበላሻል። ሁለት ምሽት ሙሉ በዚህ አለቀ።

መፍትሔው ከእናቴ መጣ። እሷ ከጎኔ ተቀምጣ የሙዳይ ክዳን እየሰፋች ነበር። ስክሪኑን አይታ "ምን እየነካካህ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ከአጠገቧ አንድ ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር አንስታ ውሃ ነካ ነካ አደረገችው። ሁለት ጫፉን ይዛ ወደ መሃል ገፋ ስታደርገው ስንጥሩ ለጥ ብሎ ታጠፈ። አንድም እብጠት የለውም። "መሃሉን ተወው፣ ራሱ ይዞራል። በየቦታው ከጫንከው ነው የሚሰበረው" አለችኝ።

በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት ስፕላይን የሚለው ቃል ራሱ የስንጥር ስም ነው። የድሮ መርከብ ሠሪዎች ቀጭን የእንጨት ስንጥር ጥቂት ቦታ ላይ በክብደት ይይዙና በተፈጥሮው ሲታጠፍ ያንን ተከትለው መስመሩን ያሰምሩ ነበር። ነገሩን ወደ ሒሳብ ካመጡት ሰዎች ሁለቱ የፈረንሳይ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ፖል ደ ካስተልዦ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲትሮይን ውስጥ ጀመረው። ፒየር ቤዚዬ ደግሞ በ1960ዎቹ ሬኖ ውስጥ ለብቻው ደረሰበት። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ የምንስለው ኩርባ ከእነሱ የመኪና አካል ንድፍ የተወረሰ ነው። እናቴ በስንጥሩ ያሳየችኝ ነገር ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ መሆኑን ሳውቅ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

11ዱን ነጥብ አጥፍቼ በ5 መቆጣጠሪያ ነጥብ ጀመርኩ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቢ-ስፕላይን መቆጣጠሪያ ነጥቦች መስመሩ የሚያልፍባቸው ቦታዎች አይደሉም፤ መስመሩን ከሩቅ የሚስቡት ናቸው። ሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ነው መስመሩ የሚነካቸው። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ነጥብ በአንድ አግዳሚ መስመር ላይ ካሰርካቸው ኩርባው ከግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወጣል። የታችኛውን ጫፍም እንደዚሁ አሰርኩት። የቀረችውን አንዷን ነጥብ ወደ ውጭ ስስባት ጆሮው ሰፋ፤ ወደ ታች ስጎትታት የጆሮው ሆድ ወደ ታች ወረደ። አንድ ነጥብ ሲነካ ሁሉም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስፌት ላይ እንዳለው ስንጥር ማለት ነው።

ፍሪካድ ውስጥ የኩርባውን ጥራት የሚያሳይ ሚዶ የሚመስል ነገር አለ። መስመሩ ላይ ጥርሶች ያወጣል፤ ኩርባው በጠበበበት ቦታ ጥርሶቹ ይረዝማሉ። የ11ዱ ነጥብ መስመር ጥርሶች አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ሲገለባበጡ አየሁ። የ5ቱ ግን ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዓይን የማያየውን ይህ ሚዶ ያየዋል። ጆሮውን ከማውጣቴ በፊት አሁን ሁልጊዜ እከፍተዋለሁ።

ሁለተኛው ችግር መጋጠሚያው ነበር። የጆሮውን ሞላላ 18 በ9 ሚሊ ሜትር አደረግኩት። ሰፋ ብሎ ጠፍጠፍ ሲል ጣት ላይ አይቆረጥምም። መንገዱን በትክክል ከግድግዳው ላይ አስጀመርኩ። በጎን ሲታይ ልክ ነው። ከላይ ስመለከተው ግን ጆሮው መሃሉ ላይ ብቻ ነክቶ ዳርና ዳሩ አየር ላይ ቆሟል። ግድግዳው ክብ ነው፤ የጆሮው ጫፍ ደግሞ ጠፍጣፋ። አሰላሁት። የኩባያው ራዲየስ 41 ነው። ከመሃል 9 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ሲወጣ ግድግዳው ወደ 40 ይመለሳል። በሁለቱም ዳር ድፍን 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት! ስለዚህ መንገዱ ከግድግዳው ውስጥ መጀመር አለበት።

እሺ ብዬ ወደ ውስጥ ገፋሁት። አሁን ደግሞ በዝቶ በኩባያው ውስጥ በኩል ብቅ አለ። ሻይ የሚቀዳበት ቦታ ላይ ሁለት ጉብታ። እየቀነስኩ እየጨመርኩ ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ጥፋቱ የልኩ ሳይሆን የቅደም ተከተሉ ነው። ኩባያውን ቀድሜ ቦርቡሬ ጆሮውን በኋላ ነበር የምለጥፈው። ገለበጥኩት። መጀመሪያ ድፍን ግንድ፣ ቀጥሎ ወደ ግንዱ ጠልቆ የገባ ጆሮ፣ በመጨረሻ ውስጡን መቦርቦር። ትርፉ ሁሉ አብሮ ተቆርጦ ወጣ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ።

ሌላው የኩርባው ጥበት ነው። ላይኛውን ክርን ሹል ላድርገው ብዬ ራዲየሱን 3 አደረስኩት። ፕሮግራሙ እምቢ አለ። የጆሮው ውፍረት 9 ነው፤ ግማሹ 4.5። መንገዱ ከዚያ በላይ ከጠበበ የጆሮው ውስጠኛ ጎን ራሱን ይበላል። 12 ሳደርገው ያለ ችግር ወጣ። የመጋጠሚያውን ሥር በ6 ሚሊ ሜትር ማለስለስ ስፈልግም እንዲሁ እምቢ አለኝ። ጆሮው ወደ ኩባያው አፍ በጣም ተጠግቶ ነበር፤ መሃሉ 88 ቁመት ላይ። ከላዩ የቀረው ባዶ ቦታ 2.5 ብቻ ነው። ለስላሳው ሥር የት ይረፍ? መሃሉን ወደ 80 ሳወርደው 10.5 ተረፈ፤ ማለስለሻውም ወዲያው ተቀበለ። ፕሮግራሙ ስህተት ብሎ ቀይ ሲያሳይ ቶሎ ሌላ መሣሪያ ፍለጋ አትሂዱ። መጀመሪያ ቦታ አለው ወይ ብላችሁ ለኩ።

ለሙከራ ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ ጓደኛዬ ስሪዲ ማተሚያ (ፕላስቲክ አቅልጦ በንብርብር ዕቃ የሚሠራ ማሽን) ላይ ጆሮውን ከትንሽ የግድግዳ ቁራጭ ጋር አሳተምኩ። ሙሉ ኩባያ ማተም ፕላስቲክ ማባከን ነው። የመጀመሪያው ጊዜ መሃል ላይ መብራት ሄደ፤ ሥራው የተጣበቀበት የማሽኑ ሳህን ሲቀዘቅዝ ሥራው ለቀቀ። ሁለተኛው ቆሞ ታተመ። ጆሮው ላይ ውሃ የሞላ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ሳንጠለጥልበት ከሥሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ንብርብሮቹ ልክ መጋጠሚያው ላይ ነበር የሚለያዩት። በጎኑ አስተኝተን ስናትመው ንብርብሩ የጆሮውን ኩርባ ተከትሎ ስለሚሄድ ያንኑ ሃይላንድ ቻለ። እናቴ ሦስት ጣቷን አስገባች። ገባ። ግን ይህ ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር ሻይ አይቀዳበትም። እውነተኛው ኩባያ ሸክላ መሆን ነበረበት።

አንድ ቅዳሜ ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ዳር ተነስቼ ታክሲ እየቀያየርኩ ሰሜን ዳር፣ እንጦጦ ሥር ቀጨኔ ደረስኩ። እዚያ ያሉ እናቶች ሸክላ በእጃቸው ነው የሚሠሩት። የታተመውን ጆሮና በልኩ የቆረጥኩትን የካርቶን ቅርጽ ለአንዲት እናት አሳየኋቸው። ገለባብጠው አዩትና "ቅርጹ ጥሩ ነው ልጄ፣ ሥሩ ግን ቀጥኗል" አሉኝ። እሺ እማማ ብዬ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጭቃውን እንደ ጥቅል አውጥተው ጠፍጠፍ አደረጉትና በካርቶኑ ላይ አጠፉት። ኩባያውና ጆሮው እኩል እርጥበት ላይ እስኪደርሱ ጠበቁ። አንዱ ደርቆ ሌላው እርጥብ ከሆነ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ከዚያ ሥሩን በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን እየጫኑ አለሰለሱት። ስክሪን ላይ 6 ሚሊ ሜትር ብዬ የጻፍኩት ነገር የእሳቸው አውራ ጣት መሆኑን ያኔ አየሁ። እሳቸው ግን ከ6 በላይ ነው ያደረጉት።

ተተኩሶ ሲመጣ ክፍተቱ 56 መሆኑ ቀርቶ 51 ሆኗል። የእናቴ ሦስት ጣት 52 ነው። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል፤ እኔ ረስቼዋለሁ። ለሁለተኛው ዙር ልክ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ የጭቃ ቁራጭ አብሮ እንዲተኮስ ለመንኳቸው። 91 ሆኖ ወጣ። እዚህ ላይ ስሌቱን እንዳትሳሳቱ፤ 9 በመቶ መጨመር አይደለም። በ0.91 ማካፈል ነው። 56 ለ0.91 ሲካፈል 61.5 ይሆናል። ፍሪካድ ውስጥ ባለው ሠንጠረዥ ቁጥሩን አንድ ቦታ አስገባሁና ሙሉው ኩባያ አብሮ አደገ። አዲስ ካርቶን ቆርጬ ተመለስኩ።

ሦስተኛው ኩባያ ቤት የገባው ባለፈው እሑድ ነው። እናቴ እንደ አዲስ ጀበና አሟሸችው። ከዚያ ሻይ ቀዳችበት። ሦስት ጣቷን አስገባች፤ ትንሿ ጣቷ ከሥር ደገፈች። በአንድ እጇ አነሳችው። ሌላኛው እጇ ነጠላዋ ላይ እንዳረፈ ነው። ሁለቴ ፉት አለችና ኩባያውን ዘወር አድርጋ አየችው። "አውራ ጣቴ ይንሸራተታል፤ ከላይ ትንሽ ማረፊያ ብትሠራለትስ?" አለችኝ።

ማታ ስኬቹን ከፈትኩት። ላይኛው ክርን ላይ 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ቦታ እያወጣሁ ነው። ሚዶው እስካሁን አልተገለባበጠም።